ትልቁ ሆራ

ጆሮዬ ውኃ ሲገባበት የሚሰማኝ ድምፅ አለ፤ ሩቅና የታፈነ፣ የገዛ ልቤን ምት ከሌላ ሰው ደረት የመጣ የሚያስመስል። ዛሬም ፀጉሬን ስታጠብ ሳላስበው ይመጣና የአምቦን የዋና ገንዳ፣ የአባቴን ሳቅ፣ የእናቴን ነጠላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳርቻው የማይታየውን ያን ሰማያዊ ውኃ አስከትሎ ይገባል።

አባቴ ጎሚስታ ነበር። ሱቁ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ስለነበር ከጌዶና ከእጃጂ እህል ጭነው የሚመጡ አይሱዙዎች ጎማቸው ሲተነፍስ እሱ ደጃፍ ይቆሙ ነበር። አባቴም የጎማውን የውስጥ ላስቲክ አውጥቶ፣ ነፍቶ፣ በግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግና በጣቱ ይዞ «አገኘሁሽ!» ይል ነበር፣ ከሌባ ጋር እንደሚነጋገር ሰው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን በቤንዚን አጥቦ፣ ለመኪና የማይሆነውን አሮጌ ላስቲክ ትከሻው ላይ አንግቶ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ገንዳው ይሄድ ነበር። ዋና የለመድኩት በዚያ የአይሱዙ ላስቲክ ውስጥ ተንሳፍፌ ነው።

ከመግባታችን በፊት ግን የማይቀር ወግ ነበረን። የአምቦ ውኃ ከምድር ሲወጣ ጀምሮ የሚፈላ፣ አፍንጫን የሚነዘንዝ ውኃ ነው፤ የእኛ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ማዕድን ያለበት ውኃ ሆራ ብሎ ይጠራዋል፣ ገበሬውም ከብቱን ከሩቅ ቀበሌ ነድቶ ያጠጣዋል። አባቴ ከምንጩ በእፍኙ ቀድቶ ራሱ ይጠጣና ለእኔም ይሰጠኝ ነበር። «ያልጠጡት ውኃ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ሆድሽ ይወቀው፣ ከዚያ እግርሽ» ይለኝ ነበር። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እውጠው ነበር።

ክረምት ሲገባ የሁሉቃ ወንዝ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ከተማውን በጩኸቱ ይሞላው ነበር፣ ገንዳው ግን ሰው አጥቶ ጭር ይል ነበር። አባቴ አብዝቶ የሚወስደኝ ያኔ ነበር፤ ሰው ሲያየኝ እጄና እግሬ እንደሚተሳሰር ያውቃል። ዝናቡ የውኃውን ፊት እየወጋው እኔ ከሥሩ እዋኝ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ መልሱን እያወቅሁት ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይጠፋብኝ ስለነበር የክፍል ልጆች «ሹክሹክታ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ እህት ወንድም የሌለኝ፣ ጓደኛም የማላበዛ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ይህን ሰምቶ ሳቀና «ውኃ ውስጥ ማንም አያወራም፤ ለዚህ ነው የወደድሽው» አለኝ። እውነቱን ነበር።

እናቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አብራን መጥታ አታውቅም። የተወለደችው ደንዲ፣ ከሐይቁ በላይ ካለው ሸንተረር ላይ ሲሆን፣ ልጅ ሳለች ሐይቁን አተኩሮ ያየን ሰው ውኃው ወደ ውስጥ ይጠራዋል ሲባል ሰምታ ስላደገች፣ ውኃ ባየች ቁጥር ፊቷን ዞር ታደርግ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «ሄዳችሁ ስትሰምጡ ለእኔ እንዳትነግሩኝ» ትለን ነበር።

መስከረም ሲጠባ አክስቴ ብርቄ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ በቪዲዮ ትደውል ነበር። ማሊንዲ በምትባል የኬንያ የባሕር ዳር ከተማ የሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት እንዲሁ ደውላ፣ ስልኳን ወደ ውጪ አዙራ ባሕሩን አሳየችን፤ እኛም ሦስታችን በጎሚስታው ሱቅ ውስጥ በጎማዎቹ መሐል ተጠጋግተን አየን።

«ይኼ የምታዩት ጥብቅ ነው» አለች አክስቴ። «ልክ እንደ ጭልሞ ደን ከልለውታል። ዓሣ አይጠመድበትም፣ ዛጎል አይለቀምበትም።»

«ባሕር ደግሞ ምኑ ይጠበቃል?» አለች እናቴ። «ማን ተሸክሞት ሊሄድ ነው?»

«ከታች ደን አለ እኮ እቴዋ! ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው፤ ዓሣው እንደ ወፍ ነው የሚርመሰመስበት። ኑና እዩት።»

ያን ቀን ሌላ ነገር መመኘት አቆምኩ። የውኃ ውስጥ ደን፣ ያውም ማንም የማይነካው! ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ላየው ፈለግሁ። አባቴ ፊቴን አይቶ «ጠልቀሽ ታይዋለሽ» አለኝ፤ አባቴ ደግሞ ቃሉን እንደ ጎማ ነው የሚያጠብቀው።

ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ሲዘጋ መንገድ ጀመርን። በጋው ሜዳውን አድርቆት፣ ገለባው በየአውድማው ተከምሮ ነበር የተውነው። አባቴ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ሁሉ መጀመሪያ ወርዶ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይፈትሽ፣ ሾፌሮቹም ይቆጡት ነበር። ሞያሌን ተሻግረን፣ ደረቁን አገር አቋርጠን፣ አየሩ እየወፈረና እየሞቀ ሄዶ፣ በመጨረሻ አክስቴ አንገታችን ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ያገኘችው ፈቃድ አጭር ስለነበር ባሕሩን የምናይበት ቀን የመመለሻችን ዋዜማ ሆነ፤ እሱንም ወጥ ቤቷ ጠርቷት፣ ጀልባው ላይ አስቀምጣን፣ «ውኃው ሳይሞላ ነው የሚታየው፤ ጀልባዎቹ ብዙ አይቆሙም» ብላን በሩጫ ሄደች።

ጀልባው ከእንጨት የተሠራ፣ ወለሉ መሐል መስታወት የተገጠመለት ነበር። ከናይሮቢ የመጣ ቤተሰብና ጥቂት ፈረንጆች አብረውን ነበሩ። ባለ ጀልባው ረጅምና ቀጭን ሰው ሲሆን፣ ጓደኛው መልህቁን እንደ ጣለ ለሁሉም በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ቆየ፤ ዋናተኞቹን እየመረጠ መነጽር ሰጠ። እኔ ጋ ሲደርስ አየኝና በጣቱ መቀመጫውን አሳየኝ። «አንቺ እዚሁ» ማለቱ ነበር።

እንግሊዝኛውን አውቀው ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ከነሰዋስዉ በልቤ አዘጋጅቼ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ሰዎቹ አንድ በአንድ ዘለው ገቡ። በመስታወቱ ሥር ቢጫና ሰማያዊ ነገር ሲያልፍ ይታየኝ ነበር፤ ነገ አውቶቡስ ላይ ነን፤ እንባዬ መጣ።

አባቴ የከበደኝ ፍርሃት መሰለው። «ሳትጠጪው ልትገቢበት ስለሆነ ነው» አለ በኦሮምኛ። «ጨው አለበት አይደል የሚሉት? እንግዲያው ሆራ ነው፣ ያውም የሆራ አባት! ቆይ እስቲ።» ከጀልባው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እፍኙ ሞልቶ፣ እንደ አገሩ ውኃ ጭልጥ አደረገው።

ከዚያ የሆነውን አሁንም ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ «ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!» እያለ አምላኩን በኦሮምኛ ጠርቶ ጮኸ፤ እናቴ «ምን ነካህ? ምን ነካህ?» እያለች ጀርባውን ትደበድበዋለች። ባለ ጀልባው የያዘው ገመድ ከእጁ ወደቀ።

«ዋቃ ነው ያልከው?» አለ፣ በኦሮምኛ።

ሦስታችንም ዞርን። ሰውየው ዋሪዮ ይባል ነበር፤ ከጣና ወንዝ ዳር ከሚኖሩት፣ ኦሮምኛ ከሚናገሩት ከኦርማ ሕዝብ ነው። አነጋገሩ ከእኛ ለየት ይላል፣ ዜማው ተቀይሮ ግጥሙ ያልተቀየረ መዝሙር ይመስል ነበር።

«ኦቦ፣ ይኼ ውኃ እኮ አይጠጣም» አለው አባቴን።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?» አለ አባቴ እየሳለ። «እኛ አገር ጨው ያለው ውኃ መድኃኒት ነው። ከብት ተነድቶ ይጠጣዋል።»

«ሆራ? የእኛም ከብት ይወደዋል። ይኼ ግን ሆራ አይደለም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ?»

«ከብት ቢሆንማ አሽትቶ ይተወው ነበር፣ ኦቦ።»

እናቴ በሳቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። አባቴ ግን እንዳልተሳቀበት ሰው ወዲያው ስለ እኔ ጀመረ፤ ልጄ ዋና ትችላለች፣ የመጣነው ለሷ ነው፣ አምቦ ላይ እንዲህና እንዲያ… ዋሪዮ እጁን አንሥቶ አስቆመው።

«አንተን አልጠየቅሁም። ባሕር የሚገባ ሰው በራሱ አፍ ይናገር። በሰው አፍ የገባ በሰው እጅ ነው የሚወጣው።» ወደ እኔ ዞረ። «ትችያለሽ?»

መለስኩለት። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«አልሰማሁም። ከውኃው ሆነሽ ብትጠሪኝ በዚህ ድምፅ ልሰማሽ ነው?»

አባቴ ሊናገር ሲል እናቴ ክርኑን ያዘችው። ማዕበሉ ጀልባውን ይደበድብ ነበር። ፈረንጆቹ ሊወጡ ነው፣ ውኃው ሊሞላ ነው፣ ያ ሁሉ ደን ከእግሬ በታች ሆኖ እኔ ሳላየው አምቦ ልገባ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ይኼ ባሰብኝ።

«ናን ደንዳአ!» አልኩ። እችላለሁ!

ድምፄ ከእኔ ወጥቶ በውኃው ላይ ሲሄድ ሰማሁት። የሚዋኙት ሰዎች ሁሉ ጭንቅላታቸውን አዙረው አዩኝ። እናቴ በአማርኛ «እግዚኦ! ይኼ ሁሉ ድምፅ የት ነበር?» አለች።

ዋሪዮ ሳቀና መነጽሩን ሰጠኝ። «በዓይንሽ ብቻ ነው። እጅሽ ምንም አይነካ፣ እግርሽ ምንም አይረግጥ» ብሎ እሱም አብሮኝ ገባ።

ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ? የአጋዘን ቀንድ የሚመስል፣ እንደ ጎመን የተጠቀለለ፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ኮራል፣ አክስቴ ነፍስ አለው ያለችው ድንጋይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ዓሣዎቹ በቅርንጫፎቹ መሐል መንጋ ሆነው ይገቡና ይወጡ፣ ወደ እኔ ዞረው ያዩኝና እንደ ጎረቤት ልጅ ችላ ይሉኝ ነበር። ዝም ያለ ይመስለኝ የነበረው ባሕር ዝም አላለም፤ ብረት ምጣድ ላይ ገብስ ሲቆላ እንደሚንጣጣው፣ ከየአቅጣጫው ይንጣጣ ነበር። ትንፋሼን ይዤ ጠለቅሁ፣ ደጋግሜም ጠለቅሁ።

አንዴ ቀና ስል ከጀልባው ሥር ነበርኩ። ከበላዬ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ የእናቴ ፊት ነበር። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የነጠላዋ ጥለት መስታወቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለት መዳፏን አስደግፋ፣ ውኃ አይቶ የማያውቀው ዓይኗ ትልቅ ሆኖ እኔን ያይ ነበር። እጄን አወዛወዝኩላት። በኋላ እንደ ነገሩኝ ከአፌ የወጣውን አረፋ አይቶ አባቴ «ተነፈሰች! ጎማዋ ተነፈሰ!» ብሎ ሲጮህ፣ እሷ «ዝም በል፣ እየሳቀች ነው» አለችው።

ከውኃው ስወጣ እልልታዋ ተቀበለኝ፤ ረጅምና የማይቆራረጥ፣ የልጇን ሠርግ ያየች እናት እልልታ። የናይሮቢዋ እናትም ተቀበለቻት፣ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ፣ ዋሪዮ ከውኃው ውስጥ ሆኖ አፏጨ። እኔ፣ ሰው ሲያየኝ መሬት ይዋጠኝ የምለው ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ውኃ እያንጠባጠብኩ ቆሜ፣ ቶሎ እንዲያበቃ አልፈለግሁም።

ያን ቀን ማታ አባቴ ሽንት ቤት ሲመላለስ አመሸ። በመጨረሻ ሆዱን እያሻሸ ወጥቶ አክስቴን «መድኃኒት ነው አላልኳችሁም? ይኸው ሠራ!» አላት።

በልግ ሲያጉረመርም ክፍል ውስጥ ስሜ ተጠራ። ተነሥቼ መለስኩ። ከኋላዬ የምትቀመጠው፣ ስሙን ያወጣችልኝ ልጅ፣ «ኧረ ሹክሹክታ ማይክ ውጣለች!» አለች፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ያ ስም እንደ አሮጌ ዩኒፎርም ጠቦኝ ቀረ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የምሠራው የወንዝና የምንጭ ውኃ በሚመረመርበት ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬም ዓይን አፋር ነኝ፤ ስብሰባ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ። አክስቴ በስልክ እንደምትነግረኝ፣ ሙቀቱ በጠናባቸው ዓመታት ከዚያ ደን ውስጥ ነጥተው የቀሩ ኮራሎች አሉ፣ እያገገሙ ያሉም አሉ። ያኔ የተከለለ ነገር ሁሉ ለዘላለም የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አንድ ሰው በየቀኑ ስለ እሱ ካልተናገረ ክልሉ መስመር ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በየቀበሌው ገበሬዎች ፊት ቆሜ ስለ ወንዛቸው በኦሮምኛም በአማርኛም እናገራለሁ። ያኔ ጀልባው ላይ አንዲት ቃል ትንፋሼን ሁሉ ወስዳብኝ ነበር፤ ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ብናገርም ትንፋሽ ይተርፈኛል። ግን ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያች ቃል ሩቅ የወሰደኝ የለም።