ብርድ ልብሱን ስንሰፋ

ልጅ ሳለሁ ደም የሌለበት ተረት አልወድም ነበር። እናቴ ሪያድ ውስጥ፣ ባዲዓ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ጠባብ ቤት፣ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን ታሳድገኝ ስለነበር ጊዜ አግኝታ አትተርትልኝም፤ ተረት የምሰማው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዳ ደግሞ ብዙም አይመጣብንም። ስለዚህ የልጅነት ጓደኛዋ እትዬ ሩቅያ አንዲት ፌስታል ይዛ ከች ስትል፣ ማን ናት ምን ናት ሳልል አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

ሩቅያ ሱለይማኒያ በሚባል ሌላ ሰፈር ከአሠሪዎቿ ጋር እየኖረች የምትሠራ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ጠፍታ መምጣቷን፣ ፓስፖርቷም የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማም ማዳም ከምትላት አሠሪዋ እጅ መቅረቱን ግን ያኔ የነገረኝ የለም። የተነገረኝ «ልትጠይቀን መጣች» ተብሎ ብቻ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስታችን ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ከደንበኞች ልብስ በተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ እንገጣጥም ነበር። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ስለሚሸፈን በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተን እንሰፋለን። ያኔ ለሙቀቱ ይመስለኝ ነበር። ሩቅያ እየሰፋች ስለ አንዲት ንግሥት ትተርትልኛለች፤ ገረዷ ባጠፋች ቁጥር የጋለ ብረት ከፍም ውስጥ አውጥታ ክንዷ ላይ ስለምትጭን ንግሥት።

«ቆዳዋ ጨሰ» ትላለች መርፌዋን ሳታቆም። «ገረዲቱም ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።»

«ከዚያስ? ደም ወጣ?»

«ኸላስ፣ ይብቃት! ልጅቷን አታስደንግጫት» ትላለች እናቴ።

«ተያት እህቴ፣ ስነግራት ይቀለኛል።»

አንድ ቀን እጅጌዋ ሲሰበሰብ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የተደረደሩ፣ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያላቸው ጠባሳዎች አየሁ። ልጅ ጨካኝ ነው። ተረቱ እውነት መሆኑን ሳውቅ አላለቀስኩም፤ ጭራሽ ይበልጥ ወደድኩት።

ለገበር የሚሆን ጨርቅ ሲያልቅብን ሦስታችንም ወደ ጨርቅ ተራ ወጣን። ሩቅያ ከመጣች ጀምሮ ደጅ ረግጣ ስለማታውቅ እናቴ ትንሽ ፈርታ ነበር፤ ግን ኒቃብ አድርጋለች፣ ማን ይለያታል? ሱቁ ውስጥ የገባችው ሌላ ሰው ሆና ነው። ጣቃውን ሁሉ ትዳብሳለች፣ አበባውን ከመስመሩ አጠገብ እያስቀመጠች ራቅ ብላ ታያለች፣ «ያላ ሂክማ፣ ዘርጊልኝ! ይሄ ቀይ መሀል ላይ ቢገባ አያምርም?» ትለኛለች። እናቴም ከእሷ ጋር እንደ ኮረዳ ስትንከተከት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አላስታውስም።

ጨርቅ የሚያውቁ ሴቶች ሻጩን አያምኑም፤ ከጫፉ አንድ ክር መዝዘው ያቃጥላሉ። ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ናይለን ከሆነ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሩቅያም ጓንቷን አውልቃ፣ ክሩን ከፍ አድርጋ ላይተር ለኮሰችበት። ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ እጅጌዋ ወደ ታች ተንሸራተተ።

አጠገባችን የቆመች ሴት ያንን ክንድ አየች። ሩቅያን ምንም አላለቻትም። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ በዐረብኛ «ማሻአላህ፣ ስታምሪ! ቤታችሁ የት ነው?» አለችኝ። እኔ እዚያው የተወለድኩ፣ በየሱቁ ለእናቴ የማስተረጉም፣ በዐረብኛዬ የምኩራራ ልጅ ነበርኩ። ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ አረንጓዴውን በር፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩላት። ጉንጬን ዳብሳኝ ሄደች። እናቴ በዚያኛው ጥግ ጥጥ ስትመርጥ አላየችንም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተሰብሮ ተከፈተ። ሁለት ወንዶች ገቡ፤ በኋላ እንደሰማሁት የማዳም ወንድምና ሹፌሯ ናቸው፤ ያች ሴት ደረጃው ላይ ቆማ «እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። የተረቱ ንግሥት፣ ማዳም፣ እሷ መሆኗ ያኔ ገባኝ። እናቴ የጨርቅ መቀሷን አንስታ ሩቅያ ፊት ቆመች፤ የማዳም ወንድም ሲጠጋት ትከሻው ላይ ሰካችበት። ሰውየው ጸጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከስፌት መኪናው ብረት ጋር አላተመው። ደግሞ አላተመው። ጥርሷ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ ደሟ ብርድ ልብሱ ላይ ተረጨ። የምወደው ደም ይኸው ቤቴ ድረስ መጣልኝ፤ እኔ ግን ሽንቴ አምልጦኝ ቆሜ ቀረሁ።

«ኸላስ! ተዋት! እሄዳለሁ!» ብላ ሩቅያ መሀል ገባች። ሹፌሩ በቡጢ ጣላት፤ ከዚያ በጸጉሯ እየጎተቱ ደረጃውን አወረዷት፤ ጭንቅላቷ በየደረጃው ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር። የማዳምን ወንድም ዛሬ ባገኘው መቀሱን እንደ እናቴ ትከሻው ላይ አልሰካውም፤ አንገቱ ላይ ነው። ይህን ስናገር አላፍርም።

ማዳም የካውያው ጉድ እንዳይወጣባት ነው መሰለኝ አልከሰሰችንም። እናቴ ማን እንደጠቆመ ስላላወቀች ጎረቤቱን ሁሉ ስትራገም ከረመች፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ከወራት በኋላ ሩቅያ ከደሴ ደወለች፤ ተጠርዛ አገሯ ገብታለች፣ አንድ ጆሮዋ ግን አይሰማም። እናቴ ስልኩን ሰጥታኝ ወጥ ቤት ስትገባ አላስቻለኝም።

«እትዬ ሩቅያ፣ ለማዳም ቤታችንን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ የኔ እናት» አለችኝ። «አጠገብሽ ቆሜ እየሰማሁሽ አልነበር? ማዳም ድምፄን እንዳትለየው ብዬ ነው ያላስቆምኩሽ።»

«ታዲያ ለምን አላመለጥሽም? ሁለት ቀን ነበረሽ እኮ!»

«እኔን ቢያጡ እናትሽን ነዋ የሚወስዱት፣ የጠፋ ሰው ደበቀች ብለው። አንቺስ ማን ጋ ትቀሪያለሽ?»

አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ያኔ ደፋሯ መቀስ ያነሳችው እናቴ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ጩኸቱም ደሙም እየደበዘዘ ሲሄድ ከእኔ ጋር የቀሩት እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው። ሩቅያ እንደሚመጡባት እያወቀች አንዴ እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ በሩ በተሰበረበት ቀን ጠዋት ከጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ሹሩባ ሠራችኝ፤ ቶሎ እንዳይፈታብኝ ብላ፣ ጠበቅ አድርጋ።