የዳሩ በሬ ገመድ

የያዙኝ ክፍል ውስጥ ነው። ሶዶ ላይ ሰማዩ ዝናብ ያዘለበት ቀን ነበር። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ስበት እያስተማርኩ ሳለሁ፣ ሰሌዳው ላይ «ከማዕከሉ የራቁት ኮከቦች ግን» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በትሕትና ለአምስት ደቂቃ እንደምፈለግ ነገረኝ። እኔም አምስት ደቂቃ መስሎኝ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። ጥፋቴ አንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ያስገቡኝ ድሮ የበቆሎ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። መስኮት የለውም፤ አየር የሚገባው ከበሩ ሥር ባለች ክፍተት ብቻ ነው። አርባ ገደማ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሲፈትሹኝ ቀበቶዬን፣ ስልኬንና የጫማዬን ክር ወሰዱ። የጋዋኔን ኪስ ግን ዘለሉት፤ ስቀመጥ እጄን ብከት ግማሽ ጠመኔ አገኘሁ። ሰው በጠመኔ እንደዚያ ይደሰታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ከገሱባ ማዶ፣ ከኦፋ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲታጣ አባትየውን አመጡ። አማርኛቸው ገበያ ላይ የተማሩት ነው። እኔም ሶዶ ተወልጄ ባድግም ወላይትኛዬ ከሳቸው አማርኛ ስለሚብስ፣ በሳቸው አማርኛ ተግባባን። ስለ ልጃቸው ብዙ አያወሩም። ስለ ሚስታቸው ግን፣ እግሯን እንደሚያማትና ያለሳቸው ላሟን ማን እንደሚያልብላት አሳስቧቸው ያነሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምን እንደማስተምር ጠየቁኝ። ወለሉ ላይ ክብ ሣልኩና ሰሌዳው ላይ የቀረውን ለሳቸው ጨረስኩት። ፀሐይን ከሚዞሩት ዓለማት የቀረቡት ይፈጥናሉ፣ የራቁት ያዘግማሉ፤ ስበት እየራቀ ሲሄድ ይደክማልና። ፀሐይ ራሷ ያለችበት ታላቅ የኮከብ መንጋ፣ ጋላክሲ የምንለው፣ እሱም ይዞራል። እዚያም የዳር ኮከቦች ማዝገም ነበረባቸው። ሲለካ ግን ከመሃሎቹ እኩል ይሮጣሉ። የሚታየው ሁሉ ቢደመር ያንን ሩጫ የሚገታ ስበት አይወጣውም። ተበታትነው መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። ወይ የማናየው ክብደት አለ፣ ወይ ስበትን ገና በደንብ አላወቅነውም።

ሽማግሌው የሣልኩትን ክብ በጣታቸው ተከተሉት።

«ጤፍ ስናበራይ የዳሩ በሬ ብዙ ይሮጣል» አሉ። «ለምን አይወጣም? ገመድ አለው።»

«ይኼኛው ገመድ አይታይም፣ አባባ።»

«አንተ አላየህም፣ ቲቸር። በሬው ግን ያውቃል።»

ቤቱ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮከቦቹ «የዳር በሬዎች» ተባሉ፤ ከምሳ በኋላ ትምህርት ተብሎ ሰው ይሰበሰብ ጀመር። ሽማግሌው ከፊት ተቀምጠው ያልገባቸውን ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። እንደሳቸው ያለ ተማሪ አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምር አላጋጠመኝም።

ስንቅ በቀን አንድ ጊዜ ይገባል። አንድ ቀን ባለቤቴ ጠያቂ ከሚቆምበት ገመድ ማዶ ሆና ምሳ ዕቃውን ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ከጧት ጀምሮ በር ላይ የቆመች አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟ ስላልተመዘገበ አላስገቧትም። የሽማግሌው ልጅ ናት። እናቷ በድንገት ታማ ሞታ፣ ትናንት ተቀብራለች። «በሥርዓቱ ንገሩልኝ ብላለች» አለችኝ ባለቤቴ። ጠባቂው ሰዓት ደርሷል አለን።

በሥርዓቱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ላደገ አይነገረውም። መርዶ እኩለ ቀን ላይ ዱብ አይደረግም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይቀምስ፣ ሽማግሎች ተሰብስበው ነው የሚነገረው። እኔም ጎደሬውን ከነዳታ በርበሬው በአንድ እጄ፣ መርዶውን በሆዴ ይዤ ገባሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ፤ የክፍሉ ተጠሪ ለነበረው ወንጌላዊ። እሱም እስከ ንጋት ይቆይ አለ፤ እስከዚያ ሽማግሌውን በትምህርት አዘናጋቸው አለኝ። ግን አርባ ሰው በታጨቀበት ቤት ምን ምስጢር አለ? ከሰዓት በኋላ ሁሉም አውቆ ነበር። በጠርሙስ ክዳን ዳማ የሚጫወቱት ተዉት። የበሩን ክፍተት ለማንም የማይለቀው ጎረምሳ ተነሥቶ ለሳቸው ለቀቀ። አንዱ ውኃ ይዞ እጃቸውን ሊያስታጥባቸው መጣ። እኔም ለማዘናጋት ወለሉን ኮከብ በኮከብ አደረግሁት።

ሽማግሌው ሥዕሉን ሳይሆን እጄን ያዩ ነበር። ጠመኔዋን ቀስ ብለው ተቀበሉኝ።

«ቲቸር፣ ትናንት ይኼ ሰው ሁሉ በራሱ ይሄድ ነበር» አሉኝ። «ዛሬ በእኔ ዙሪያ ይዞራል። ማንም አይስቅም። ቦታ ይሰጠኛል።»

ዓይኔን ወደ ሥዕሉ መለስኩ።

«የማላየው ክብደት አለ። አንተ አስተምረኸኛል።»

ያኔ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዓይናቸውን የከፈትኩት እኔ፣ ልጋርዳቸው የምሞክረውም እኔ። አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«አሁን አትንገረኝ። ጧት፣ በሥርዓት።»

ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ያ ነበር የከበደኝ። ልጃቸው የሚታደን ሰው ነው፤ ሚስታቸው ቤት ያለች ናት። የሚፈሩት ልጁን እንደሆነ አውቃለሁ። «ልጅዎ ደህና ነው» ብላቸው ደግሞ ሚስትዎ ሞታለች ማለቴ ነው። ስለዚህ እሳቸውም ሳይጠይቁ፣ እኔም ሳልናገር፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋድመን አነጋን። መንገር ነበረብኝ እንዴ? አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወንጌላዊው ፊቱን ታጥቦ፣ በዕድሜ ጠና ያሉትን ሦስት ሰዎች አስነሥቶ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጠ። በወላይትኛ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁና አንዲት ጥያቄ ጠየቁ። የልጃቸው ስም በውስጧ ነበር። ደህና መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው ላይ ዕፎይታ አየሁ። ወዲያው ያ ዕፎይታ ራሱ ወጋቸው መሰለኝ፣ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እኔም አለቀስኩ።

ወንጌላዊው ለቅሶ እንድንቀመጥ ፈቃድ ጠየቀ። አልተፈቀደም፤ መሰብሰብም ድምፅ ማሰማትም ክልክል ነው። የተፈቀደው የዘወትሩ ብቻ ነው፦ ጧት ለሩብ ሰዓት ግቢው ውስጥ ፀሐይ መሞቅ፣ እሱም ሳይቆሙ በእግር እየተንቀሳቀሱ።

በሳቸው አገር ሰው ሲሞት ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሜዳ ላይ ለቀስተኛው እየዞረ፣ እየሮጠና እያዜመ ያለቅሳል። የቅርብ ዘመድ ወደ መሃል፣ የሩቁ ወደ ዳር ሆኖ ይዞራል። የወንጌላዊው ቤተ ክርስቲያን ይህን ዙረት አትወደውም፤ እሱ ራሱ ካመነ ጀምሮ እንዳልገባበት አውግቶኝ ነበር።

ያን ጧት ስንወጣ ሽማግሌው ከውኃው በርሜል አጠገብ፣ ግቢው መሃል ቆሙ። መጀመሪያ መዞር የጀመረው ወንጌላዊው ነው። ዳማ ተጫዋቾቹ ተከተሉ። ጎረምሳው ተከተለ። ትናንት ማታ ገብተው ሽማግሌውን በወጉ እንኳ ያላወቁ ሰዎች በአጥሩ ጥግ ሌላ ሰፊ ክብ ሠሩ። እኔም ከነሱ ጋር ነበርኩ። ከሳቸው በቀር ማንም አልቆመም፤ ማንም አልተናገረም። የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው። ክር የሌለው ጫማዬ እየወለቀ ቢያስቸግረኝም ከመሃሎቹ ላለማነስ ተፋጠንኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው ተራ በተራ ያዩን ነበር።

ጠባቂው የአገሩ ልጅ ነው፤ የሚያየው ምን እንደሆነ አልጠፋውም። ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ካፊያ ጀመረ። ፊሽካው የተነፋው ሁላችንም ከረጠብን በኋላ ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ።

ሳልከሰስ ተፈታሁ፤ ለምን እንደታሰርኩም፣ ለምን እንደተፈታሁም በጽሑፍ የሰጠኝ የለም። ሽማግሌውም ከእኔ በኋላ ወደ ኦፋ ተመለሱ። ወደ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ተጠርጎ ሌላ ትምህርት ተጽፎበት ነበር። በየዓመቱ ያንን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። በየዓመቱም አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ የያዛቸው ምንድን ነው ይለኛል። አልታወቀም እላለሁ። አለ ግን።

ባለፈው ዓመት ያ ሲፈለግ የነበረው ልጃቸው ደወለልኝ። እሱም አገሩ ገብቶ እርሻውን ይዟል። አባቱ እንዳረፉ በሥርዓቱ፣ በማለዳ ነገረኝ። በሶዶ መናኸሪያ ተሳፍሬ፣ ገሱባ ወርጄ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ሜዳው ሞልቶ ነበር። ዘመድ አይደለሁም፤ ጎረቤት አይደለሁም፤ ዜማውን አላውቀውም። ቦታዬ የመጨረሻው ክብ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጥብቄ አሰርኩና ከመሃሎቹ እኩል ሮጥኩ።