ጋራዥ ውስጥ የሸለልኩት

የሞተውን የእህቴን ልጅ በእኔው ድምፅ ሽፍታ አስመሰሉት። በደሉ ይኸው ነው።

ልጁ በስደት በምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰላማዊ ሰው ነበር። ሞርስ ሮድ ላይ፣ ግሮሰሪ ደጃፍ፣ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጨቃጨቀ። ሰውየው ሽጉጥ አውጥቶ ገደለው። ሌላ የሚተረክ ነገር የለውም።

ለቅሶ የተቀመጥነው ሬይኖልድስበርግ፣ እህቴ ቤት ነው። ቤቱ ስለጠበበ ወንዶቹ ጋራዥ ውስጥ ነበርን። እዚህ የተወለደች አንዲት የአበሻ ልጅ፣ የዚህ ከተማ ሰው ለምን ጠመንጃ እንደሚወድ የሚጠይቅ ዶክመንተሪ እየሠራች ነበርና እህቴን አስፈቅዳ ካሜራዋን ጥግ ላይ ተከለች።

ተነስቼ ሸለልኩ። እኔ ባደግኩበት አገር ወንድ ሲሞት የሚባለው ይታወቃል፦ ምንሽሩ፣ ዝናሩ፣ ጥይቱ መሬት የማይወድቅበት። ልጁ የመጋዘን ዕቃ ኮድ ከሚያነብበት ስካነር በቀር የያዘው ነገር የለም፤ ለስካነር ደግሞ ማንም ግጥም አልገጠመም። ስጨርስ፣ "ይሄ ልጅ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። እኔ የማውቀው የወንድ ልቅሶ ይሄ ስለሆነ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ። ካሜራው ይህንንም ቀድቷል።

ፊልሙ ኖርዝላንድ ሰፈር በአንድ አዳራሽ ታየ። ሽለላዬን የልጁ ፎቶ ላይ ለጥፈውት ከሥሩ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይሮጣል። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፣ ንባቤ ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም "ጠላቱን የማይስት" የሚለውን ደረስኩበት። የመጨረሻው ንግግሬ የለም። ተቆርጧል። ቀጥሎ አንድ ምሁር ብቅ ብሎ ስደተኛ የጠመንጃ ፍቅር ከአገሩ ይዞ እንደሚመጣ አስረዳ። ገዳዩ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ሽጉጡን እንደ ዳቦ ከሱቅ የገዛ ሰው ነው። የእሱን ባህል የጠየቀ የለም።

ስንመለስ እህቴ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አለች።

"ልጄን እነሱ ገደሉት፤ አንተ ደግሞ ሽፍታ አደረግከው።"

ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል ስልኬን አላነሳችም።

ፊልም ሠሪዋን ኮል አድርጌ ስድብ አልቆጠብኩም። ሰዓቱ ስላልበቃ ነው የቆረጥኩት አለች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ "ግን ጋሼ፣ ካልነካው ለምን በጠመንጃ አሞገሱት?" አለችኝ። ዘጋሁባት። ይህን መጠየቅ የነበረባት ከመቁረጧ በፊት ነው።

ሽማግሌ ላክሁባት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻና ለዕርቅ ነው፤ ለፊልም የላክሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። የሄዱት ሁለት የደብራችን ሰዎች፣ ሁለቱም የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። አንደኛው፣ "እኔን ስትቀርጪ ቦርጬን ቁረጪልኝ፣ ምላሴን ተዪልኝ" ሲላት ሳቀች፤ ያልተቆረጠውን ለእህቴ ልታሳይ ተስማማች።

ልጅቷ እህቴ ሳሎን መጥታ ላፕቶፑን ከፈተችላት፤ እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ ነበር። የመጨረሻው ንግግሬ ጋ ሲደርስ እህቴ "መልሺው" አለች። ደግማ ሰማች። ልጅቷ ሽለላውን ጭራሽ ላውጣው ብትል እንቢ አለቻት።

"ሽለላው ይቆይ፣ የልጄ ልቅሶ ነው። የቆረጥሽውን መልሺበት።"

ወደ እኔ ዞራ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልበላሁም ነበር።

ምሁሩ ዛሬም ፊልሙ ላይ አለ። ንግግሬ ተመልሶበት የተስተካከለው ፊልም በዚያው አዳራሽ የታየው፣ እህቴም አጠገቤ የተቀመጠችው፣ በሚካኤል ዕለት ነው፤ ኅዳር 12 ቀን።