ዱቄት የተቀቡት ሙታን

የጄኔሬተር ጭስ በሸተተኝ ቁጥር የጅግጅጋው ቪዲዮ ቤት ትዝ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቀድሞ ወታደር የነበረው አባቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዞኝ ገባ። ፊልሙ ርካሽ ስለነበር፣ ከመቃብር የሚነሱት ሙታን ፊታቸውን ዱቄት የተቀቡ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ሳቅሁ።

አባቴ ግን እጄን እስኪያመኝ ጨመቀው።

«አባዬ፣ ዱቄት እኮ ነው» አልኩት።

«ካራማራ ጦርነት ላይ የቀበርኳቸው ጓዶቼ እንዲህ ቢነሱልኝ ምን ነበረበት» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

በዙሪያችን ሳቁ ቆመ። የቤቱ ባለቤት፣ በሶማልኛ አጎቴ ለማለት አዴር ፋራህ የምንላቸው ሶማሌ ሽማግሌ፣ ከበሩ ተነስተው ወደ እኛ መጡ። ሊያስወጡን መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እሳቸው ግን አባቴ አጠገብ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም በወዲያኛው በኩል ወንድሜን ቀብሬያለሁ» አሉት።

የቱ በኩል እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ሁለቱ ፊልሙ እስኪያልቅ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዛሬ ጓደኞቼ በደንብ ያልተሠራ ፊልም አያስፈራም ይላሉ። እኔ ግን ሙታኑ መነሳት ሲጀምሩ፣ የማየው አጠገቤ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ነው።