የመሰላል ጉልበት

ቀለም ቀቢው ቁመቱ የተመዘዘ ስለነበር የሙያ ጓደኞቹ «መሰላል» ይሉታል። የአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ሲቀባ ወድቆ ጉልበቱ ቢያብጥ ማንም አልተጨነቀም። «ወለምታ ነው፣ ይተወኛል» አለ ራሱም። ወለምታው ግን ከረመ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አላልፍ ሲለው ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ዘንድ ይዞት ሄደ።

«እኔ ሱሪ ማስፋት እንጂ እግር ማጥበብ አልችልም» አለችው። «ተነስ፣ ሐኪም ቤት!»

ሐኪሟ መጀመሪያ የጅማት ጉዳት መሰላት፤ ቀጥላ የመገጣጠሚያ ብግነት ጠረጠረች። በመርፌ የቀዳችው ፈሳሽ ግን ዝገት ይመስል ነበር። ጉልበቱ በኤምአርአይ ታየ፤ ከውስጡም ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ተመረመረ።

«ዕጢ ነው» አለችው።

«ካንሰር?»

«አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ግን መገጣጠሚያዎን ይበላዋል። ቢወጣም ተመልሶ የመብቀል ልማድ አለው።»

በቀዶ ጥገና ወጣለት። እንዳለችውም ተመልሶ በቀለ።

ያን ጊዜ በሆስፒታሉ ስለሚካሄድ ጥናት ነገረችው። ዕጢውን ያሟሽሻል የተባለ እንክብል እየተሞከረ ነበር። ገሚሱ ታማሚ መድኃኒቱን፣ ገሚሱ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል ይወስዳል፤ በኋላ ግን ለሁሉም መድኃኒቱ ይሰጣል።

«እያወቃችሁ ባዶ ልታስውጡኝ?»

«ለማን የቱ እንደደረሰ እኔም አላውቅም። ካልፈለጉ ይተዉት፤ ሕክምናዎ አይቋረጥም።»

ዳግመኛ ከመቀደድ ይሻላል ብሎ ገባበት። ብዙም ሳይቆይ ቀለል አለው፤ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ መደገፍ ተወ። የእህቱ ባል ምንም ነገር በቀላሉ የማያምን ሹፌር ነው። ቀቢው «ይኸው፣ ይሄ ባዶ ከሆነ ከምላሴ ፀጉር!» እያለ ጉልበቱን አጥፎ ያሳየዋል። ሹፌሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይለዋል።

የጥናቱ የመጀመሪያ ክፍል ሲያበቃ የተነሳው ምስል ዕጢው ቅንጣት እንዳልቀነሰ አሳየ። ሲውጥ የከረመው ባዶውን ነበር።

«ታዲያ ሕመሙ የት ሄዶ ነው?» አላት ሐኪሟን።

«ተስፋም ያስታግሳል። ዕጢ ግን አያሟሽሽም፤ ባዶው ያስፈለገን ይህንን ለመለየት ነው።»

ያንገበገበው ባዶ መዋጡ አልነበረም፤ በሹፌሩ ፊት መማሉ ነው። ለተወሰነ ጊዜ እህቱ ቤት ዝር አላለም። እህቱ ግን ራሷ ሄዳ አመጣችው። ሹፌሩ ሲያየው ወንበር ሳበለት።

መድኃኒቱን ጀመረ። ጉበቱን እንዳይጎዳው ደሙ በየጊዜው ይመረመር ነበር። በመድኃኒቱ ሳቢያ ፀጉሩ ሲነጣ የሥራ ጓደኞቹ «ቀለም ተደፋብህ እንዴ?» እያሉ ቀለዱበት። ዕጢው ግን በዚህኛው ጊዜ በምስልም ታይቶ ሟሸሸ። ጉልበቱ እንደ ድሮው ስለማይታጠፍ መሰላል የሚያስወጣውን ኮርኒስ ለሌሎች ትቶ በርና መስኮት መቀባት ያዘ። የክትትል ቀጠሮ ሲኖረው ሹፌሩ ያደርሰዋል። መንገድ ላይ ስለ ጉልበት አያወሩም።