ሰው ያልፈራችው ቀበሮ

ኅዳር ነበር፤ የጓሳው ሣር አመዳይ ለብሶ የሚያድርበት፣ ጠዋት ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽበት ጊዜ። እናንተም የዱር እንስሳ ጠባቂዎች ናችሁና የእኛ አደን ለመግደል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ቀይ ቀበሮ ፈልገን፣ ዳናዋን ተከትለን፣ ጤናዋን አይተን መመለስ ነው። ያን ቀን ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አብሮ አደጌና የሥራ ባልደረባዬ ሽፈራው፣ እና ከከተማ የመጣች የእንስሳት ሐኪም።

ከአንድ ትልቅ የጅባራ ተክል ሥር ዳና አገኘን። ጤነኛ ቀበሮ ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ፤ ይኼኛው ዳና ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ አየና «ይቺስ ከጠላ ቤት ነው የወጣችው» አለ። ሳቅን። ወዲያው ጉም ከገደሉ ሥር እየተግተለተለ ወጣና ሸፈነን።

እንደ ልማዳችን በርኖሳችንን ተከናንበን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘን፣ በአይጥ ጉድጓዶቹ አጠገብ በደረታችን ተኛን። ቀበሮ ሰው ከሸተታት ድራሿ ይጠፋል። ይቺ ግን ሽታችን በሚሄድበት በኩል፣ ከኋላችን መጣች። ለሐጯ ይንጠባጠባል። «እንዳትነቃነቁ፣ ትደነግጣለች» አለ ሽፈራው በሹክሹክታ። አፉን ሳይገጥም ዘላ ተከመረችበት። በዱላ ደጋግሜ ስመታት ለቀቀችውና ጉሙ ውስጥ ገባች። ስትሄድ ታቃስት ነበር፤ ድምፅዋ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐኪሟ ፊቷ አመድ መሰለ። «አብዳለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጥርሷ ገላዎን ነክቶ ከሆነ ዛሬውኑ መርፌ ካልተወጉ ይሞታሉ። እስቲ ልየው።»

«በርኖሱን ነው የያዘችው፣ ዶክተር። ይተዉት።»

ለመነችው። በጊዮርጊስ ማለላት። አመንነው።

ጥር ላይ አልጋ ያዘ። ጠበል ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ተንቀጠቀጠ፣ ጮኸ። ጎረቤቱ «ጋኔን ነው» አለ። እኔ ግን ውኃ ሲፈራ ሳይ የቀበሮዋ በሽታ መሆኑ ገባኝና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት።

«መቀመጫዬን ነው የነከሰችኝ» አለኝ። «ለሴት ገልጬ ላሳይ? ደግሞስ አንተ ለአገር ሁሉ እያወራህ ልትስቅብኝ?»

በሽታው አንዴ ከተነሣ መርፌ አይመልሰውም። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ይኸው ስንት ዘመን፣ ጉም በወረደ ቁጥር ከኋላዬ ኮቴ ይሰማኛል፤ ዞሬ ሳይ ምንም የለም።

ሰው የማትፈራ ቀበሮ ካያችሁ አትተኙ፣ ተነሥታችሁ ዱላችሁን ያዙ። ከተነካካችሁ ደግሞ እኔ ሳላያችሁ ማንም ቤቱ አይገባም። ሱሪያችሁን አውልቁ ስላችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ግን አውልቁ።