ጅራታሙ ኮከብና የሽማግሌው ዓይን

ቴፒ ውስጥ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራሁት ባለቤቴን ጠይቋት። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከሸዋ ተመድቤ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የዚህ አገር ሰማይ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይመችም። ግማሹን ዓመት ዝናብና ጉም ነው፤ ሲገለጥ ደግሞ የሚታየው ከዛፍ ቅርንጫፍ የተረፈው ቁራጭ ነው። ስለዚህ ጅራታም ኮከብ ሊታይ መሆኑን በስልኬ ባነበብኩ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ በምዕራብ በኩል ይላል። ለትምህርት ቤቱ ነገርኩ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነገርኩ፤ በመጨረሻም ለሰፈራችን እድር ነገርኩ።

እድራችን በወር አንድ እሑድ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ይሰበሰባል። ሊቀመንበሩ አጀንዳውን ሲጨርስ ሁልጊዜ «የተለየ ጉዳይ ያለው?» ብሎ ይጠይቃል። በመስከረሙ ስብሰባ እኔ ስለ ኮከቡ ተናግሬ እንደተቀመጥኩ ጎረቤቴ ተነሡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሸካ ሽማግሌ ናቸው፤ ማር ሲቆርጡ የኖሩ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቆሎ ስጠብቅ፣ ከማማዬ ላይ፣ ሊነጋ ሲል። በምሥራቅ ነው። ነጭ ጭራ አለው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እዚያ ላይ «እስቲ ነገ ወጥቼ ልየው» ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ቴሌስኮፕ አለኝ።

«አባባ፣ ገና ነው» አልኳቸው። «የሚታየውም በምዕራብ፣ በምሽት ነው። እርስዎ ያዩት አጥቢያ ኮከብ ነው። ዓይን ሲያረጅ፣ ሞራ ሲጀምረው፣ ብርሃን ሁሉ ጭራ ያወጣል።»

ሰው ሳቀ። ቀድሜ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ያልሳቀው የሽማግሌው የበኩር ልጅ ነው። አባትና ልጅ ዓመት ሙሉ የሚጨቃጨቁበትን ነገር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ሽማግሌው ቀፏቸውን የሚሰቅሉት ጫካ ውስጥ፣ ከረጃጅም ዛፎች አናት ላይ ነው፤ በገመድ ነው የሚወጡት። ልጅየው አባቱ ዓይናቸው ደክሟልና ይወድቁብኛል እያለ መውጣቱን እንዲተዉ ይለምናል። እሳቸው ዓይኔ ደህና ነው ብለው ወደ ጫካቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ከስብሰባው በኋላ በአምስተኛው ቀን ገመዱ ከአባት ግድግዳ ወርዶ ከልጅ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልጅየው ለጠየቀው ሁሉ «መምህሩ ራሱ ሞራ ነው ብሏል» ይላል። እዚህ አገር የቀፎ ዛፍ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ገመዱን የያዘ ዛፎቹን ያዘ ማለት ነው።

አሁን የባሰውን ልናገር። በዚያው እሑድ ማታ ስልኬን ከፍቼ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያን ሁሉ ጉራ የነዛሁት የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቤ ኖሯል። ኮከቡ ወደ ፀሐይ እየቀረበ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ ነው፤ ፀሐይን ዞሮ ሲያልፍ ደግሞ በምሽት ወደ ምዕራብ ይመጣል። አጥቢያ ኮከብ ያልኩትም በዚያ ሰሞን በጠዋት ሰማይ ላይ ጭራሽ አልነበረም። በማግስቱ ከጎህ በፊት ተነሥቼ የበቆሎ ማሳዎቹ ወዳሉበት መንገድ ወጣሁ። ነጭ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌው እንዳሉት፣ እዚያው ቆሟል። ቴሌስኮፕም አላስፈለገውም።

ቤቴ ገብቼ ቁርሴን በላሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የወረዳውን ሰዎች ጠርቻለሁ፤ ተማሪዎቹ በእኔ ቃል ደብተራቸው ላይ ጽፈዋል፤ አሁን ተሳስቻለሁ ብል ምን እባላለሁ እያልኩ ዋልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ለማሸትም አልሞከርኩም።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ተገለጠልኝ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ሞላ፤ ኮከቡ ልክ እኔ ባልኩበት ሰዓት፣ ባልኩበት ቦታ ታየ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ከልጃቸው ጋር መጡ። ቴሌስኮፑን ሳስጠጋላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«በዓይኔ ይታየኛል» አሉ። «እሱ ነው። ያኔ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ አሁን ወደ ምዕራብ ነው። ፊቱ ከፀሐይ አይለይም፤ ጭራው ነው ከእሷ የሚሸሸው።»

ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኛል። ልጅየው ግን ትከሻቸውን ይዞ «አባቴ መምህሩ ያሉትን ሰምቶ ነው» አለና ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩለት። በሕይወቴ እንደዚያች ፈገግታ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ አዲስ ቀፎ ይጠርቡ ነበር፤ ማን እንደሚሰቅልላቸው እግዜር ይወቀው።

«አባባ፣ እውነትዎን ነበር» አልኳቸው። «እኔም በምሥራቅ አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«በስብሰባው ማግስት።»

እጃቸው ከሥራው ቆመ። ቀኑን እየቆጠሩ እንደሆነ ገባኝ። ገመዱ ከግድግዳቸው የወረደው እኔ ካየሁ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉኝ፤ አልተቆጡም። «እኔ እንዳየሁ አውቃለሁ። ዋንዛው ሥር የተናገርከውን እዚያው ሄደህ መልሰው።»

እሺ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ የጥቅምቱ ስብሰባ አለፈ፤ የኅዳሩም፣ የታኅሣሡም። የቀፎ መስቀያው ወቅት ደርሶ ልጅየው ወጥቶ ሰቀለ። ሊቀመንበሩ «የተለየ ጉዳይ ያለው?» ሲል አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ጊዜ እጄን አነሣሁ፤ ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ግን ስለ ተቀደደው የእድሩ ድንኳን ተናግሬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ከማዶ የዋንዛውን ግንድ ተደግፈው ይመለከቱኛል። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ከዚያ ድረስ ግንባሬ ላይ ያለው ላብ ይታያቸዋል።